ስቱዲዮው ያቀላው ፊቴ

የመጀመሪያው ምልክት ማቃጠል ነበር። ለሥራ በመጣሁባት ጅጅጋ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ፊቴን ሲነካኝ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ነደደ። ዓይነ ጥላ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ንስሐ አባቴ ግን ቀረብ ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ጠበሉን እየጠጣሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሉኝ።

ነገሩ ከፎቶ ይጀምራል። ደሴ ላለችው እናቴ በላክሁት ፎቶ ላይ የተነሳሁበት ስቱዲዮ ሳልጠይቀው በኮምፒውተር ፊቴን አቅልቶ፣ ማድያቴን አጥፍቶ፣ አፍንጫዬን ሰልካካ አድርጎታል። እናቴ ለዘመድ ሁሉ አሳየችው። «የጅጅጋ አየር ተስማምቷታል!» ተባለ። የወንድሜ ሠርግ ደግሞ ደርሷል። በዚህ ፊቴ እንዴት ልግባ? ከገበያ ፊት የሚያቀላ ቅባት ገዝቼ ጠዋት ማታ ተቀባሁ። መጀመሪያ አማረብኝ። ከዚያ ቆዳዬ ሳሳ። ቀላ። ተላጠ። ፀሐይ ላይ መቆም አቃተኝ።

ሐኪሟ ቅባቱን አገላብጣ አየችና፣ «ማንን ለመምሰል ነው?» አለችኝ።

«ራሴን» አልኩና ፎቶውን አሳየኋት።

አልሳቀችም። «ይሄ ስቴሮይድ የሚባል፣ ቆዳ የሚያሳሳ መድኃኒት ሳይኖረው አይቀርም። ስታቆሚ መጀመሪያ ይብስብሻል። ደንግጠሽ እንዳትመለሺበት።»

ቅባቱን ስተው እንዳለችው ባሰብኝ። ፊቴ አበጠ። አለቀስኩ። ሠርጉ ይቅርብኝ አልኩ። ጎረቤቴ ከድራ የራሷን ፊት ቃሲል የሚሉትን የሶማሌ የውበት ቅጠል ዱቄት ተለቅልቃ፣ አረንጓዴ ቅጠል መስላ በር ላይ ቆመች። «አባዮ፣ እህቴ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ማን ሊያይሽ ነው!»

በሕመሜ መሐል ሳቅሁ።

እየዋለ እያደረ፣ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ እየተቀባሁ፣ ነጠላዬን ግንባሬ ላይ ዝቅ አድርጌ ቢሮ እየተመላለስኩ፣ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አላቃጠለኝም! ደግሜ ታጠብኩ። አሁንም ምንም! ውሃው ከአገጬ እየተንጠባጠበ ሮጬ የከድራን በር ደበደብኩ፤ እሷም «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እርጥብ ፊቴን አገላብጣ ሳመችኝ።

ማድያቴን እንደያዝኩ ለሠርጉ ደሴ ገባሁ። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ። «ተመስገን፣ እሷው ናት! ያችን የፎቶዋን ሴትዮ ምን ብዬ ላቅፋት ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር!»

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪሟንም ከድራንም ይባርክልኝ። እህቴ፣ ቅባት ካቃጠለሽ አታፍሪ፤ ዕቃውን እንደያዝሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ሲብስብሽም ተስፋ አትቁረጪ፣ ያልፋል። እኔ አሁን ፎቶ ስነሳ ከስቱዲዮው ኮምፒውተር አጠገብ ቆሜ፣ «ተው፣ እንዳትነካው! እናቴ የምታውቀው ይሄንን ነው!» እላለሁ።