ያልተዳፈነው ፍም

ለበዓል የበግ ጭንቅላትና እግር ሲለበለብ የሚወጣው ሽታ አምቦ ሰፈራችን ውስጥ ሰውን ሁሉ ደስ ሲያሰኝ፣ እኔን ያስለቅሰኛል። ጭሱ ነው እያልኩ ዓይኔን እጠርጋለሁ እንጂ፣ ሽታው መንገዱን ያውቃል፤ በንጉሡ ዘመን ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ ወጣ ብሎ ወደነበረው ቤታችን ይዞኝ ይሄዳል።

ክረምቱን ጉም ከደጃችን አይለቅም ነበር። ሰውም በጉም ጥጃውም አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበን፣ እናቴ ሱፍ እየፈተለች፣ አባቴ ጅራፍ እየገመደ፣ እኔ ድንች እየጠበስኩ ዝናቡን እናሳልፍ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራና ብርዱ ይብሳል፤ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ስንረግጠው ይንኮሻኮሽ ነበር። ክብሪት ከገበያ እስከ ገበያ አይደርስልንም ነበርና፣ ማታ ማታ ፍሙን ሰብስቦ አመድ ውስጥ ማዳፈን ትልቅ ሥራ ነበር። ኅዳር ላይ እናቴ ወንድሜን ቶሎሳን ስትወልድ ያን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሹመት መሰለኝ።

ቶሎሳ በተወለደ በአሥረኛው ቀን አባቴ ገብስ በአህያ ጭኖ አምቦ ገበያ ወረደ። በዚያው ምሽት አንዷ በጋችን ወለደች። ግልገሏ እንደረጠበች ስትንቀጠቀጥ ሳይ አንጀቴ አልችል አለ፤ ትልልቁን ፍም በገል ዝቄ ወደ ጋጣው ወሰድኩና ጠጉሯ ትንሽ እስኪለበለብ ድረስ አስጠግቼ አሞቅኳት። ፍሙን መልሼ አዳፍናለሁ ስል፣ እዚያው እንቅልፍ ጣለኝ።

ሲነጋ ምድጃው ባዶ አመድ ነበር። የቶሎሳ ከንፈር ጠቁሯል፣ ማልቀሱንም ትቷል። እናቴ ገሉን ከግልገሏ አጠገብ አየች፣ እኔንም አየች፣ አንድ ቃል አልተቆጣችም። ልጁን በጋቢዋ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ እንዳትለቂው» ብላኝ፣ አራስ ከቤት በማይወጣበት ጊዜ፣ በቀሚስ ብቻ፣ በባዶ እግሯ ውርጩን እየረገጠች፣ ከጅረቱ ማዶ ወደ ጎረቤታችን ወደ አዴ ጫልቱ ቤት እሳት ልትጭር ሄደች። ፍም ይዛ ስትመለስ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

ቶሎሳ ሞቀው። እሷን ግን ያ ብርድ አልለቀቃትም።

አባቴ በማግስቱ ሲመለስ ትኩሳቱ አጋድሟታል። «አራስ ሆነሽ ምን ልታደርጊ ወጣሽ?» ብሎ ጮኸ። ሲቆጣ እጁ ወደ ጅራፉ እንደሚሄድ ታውቃለች። ወደ እኔ ሳታይ «ልጅቷን ተኚ ብዬ እኔው ላዳፍን ነበር፤ ድካም ይዞኝ ረሳሁት» አለችው። እኔ ግልገሏን አቅፌ ዝም አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት። ቶሎሳን አዴ ጫልቱ ከራሷ ልጅ ጋር አጠባችው፤ ግልገሏም አደገች፣ ወለደችም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ማታ ማታ «አዳፈንሽ? አደራ፣ እንደ እናትሽ እንዳትረሺ» ይለኝ ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ በእሷ ሞት ተቃጥሎ ነው። እኔም «እሺ አባዬ» እለው ነበር። ልጅ ሳለሁ ጅራፉን ፈራሁ፤ ሳድግ ደግሞ ጅራፉ ቀርቶ ዓይኑን ፈራሁ።

አርጅቶ ሲታመም አምቦ አመጣሁት። ልጆቼ እሳት ማዳፈን ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው። አንድ ምሽት ምድጃውን አጥፍቼ ሳልፍ ከአልጋው ቀና ብሎ «አዳፈንሽ?» አለኝ።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ የሚዳፈን እሳት የለም።»

«ቢሆንም አደራ። እንደ እናትሽ እንዳትረሺ።»

ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት፤ ጅራፍ ቀርቶ ኩባያ እንኳ የማያነሣ እጅ ነበር። የመጨረሻ ሳምንቱ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«እሺ አባዬ» አልኩት።