የቲሊ ዝምታ በኤምሪክ ፊት ላይ

ቲሊ ቬሴሊን መጀመሪያ ያወቅኋት ቪየና፣ ከአንድ ካፌ ሥር በነበረች ምድር ቤት ቴአትር ውስጥ ነው። እኔ የተዋናዮቹን ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ ሰው ታስቃለች። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያልጠገቡ የሚመስሉ ሴት ነበረች። ቆንጆ ናት ያላት ሰው አላውቅም፤ መድረክ ላይ ስትቆም ግን ከእሷ ሌላ የሚታይ ሰው አልነበረም።

ያቺ ስም ያተረፈችላት ዝምታ የመጣችው በስህተት ነው። ቲሊ የቤት አከራይ ሆና ትጫወት ነበር። ተከራዩ ጎረምሳ፣ ትናንት ክፍሉ ውስጥ ስትስቅ የተሰማችው ሴት አክስቱ እንደሆነች ይምልላታል። ቲሊ የምትመልስለት ረጅም ስድብ ነበር፤ ጠፋት። ምን ታድርግ? የልጁን ጫማ አየች። ከጫማው ቀስ እያለች ወደ ጉልበቱ፣ ወደ ክራቫቱ፣ ወደ ፀጉሩ ወጣች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ልትሄድ ነው ሲባል መሐል ላይ ቆም አለችና ተመለሰች። «እንዴታ» አለች በለሆሳስ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ምድር ቤቷ በሳቅ ልትፈርስ ደረሰች። ስድቡን ደራሲው ራሱ በማግሥቱ ሰረዘው።

ኤምሪክ ፕሮሃስካ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ተከራዩን ሊጫወት። ቀጭን፣ አፈ ጮሌ፣ ለአለባበሱ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። ከቲሊ ጋር ተጣመሩ። ፍቅር አልነበረም፤ ግን አንዱን ለብቻው የሚጠራ ሰው ጠፋ፤ «ቲሊና ኤምሪክ» ነበር የሚባለው። ናዚዎች ቪየና ሲገቡ፣ ሦስታችንም አይሁድ ነንና፣ እግሬ አውጪኝ አልን። እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ እነሱ በዙሪክ አድርገው ተከተሉኝ። ድንበሩን ሲሻገሩ ኤምሪክ የራሱን ሻንጣ ጥሎ የእሷን እንደተሸከመ ቲሊ ስንቴ ነግራኛለች። ይህን የማነሳው ሰውየው ከመነሻው ክፉ እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው።

ሎስ አንጀለስ ስንገናኝ እኔ በአንድ የፊልም ድርጅት የልብስ ክፍል ሥራ ይዤ ነበር። ቲሊ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ገባች፤ ኤምሪክ ከጓሯችን፣ ከጋራዡ በላይ ያለችውን ክፍል ያዘ። እሱ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ያመላልሳል፤ እሷ ከድርጅቱ የማመጣላትን ልብስ ትተኩሳለች። ሰፈሩ የእኛው ሰው የሞላበት ነበር። በርሊን ላይ ንጉሥ ሆኖ ይጫወት የነበረው እዚህ የሰው ውሻ ያናፍሳል፤ ካርታ ሲጫወት ብቻ አሁንም ንጉሥ ነው፤ መሸነፍ አይወድም። የሁሉም ተስፋ ፊልም ነበር፤ የሁሉም ችግር ምላስ። ኤምሪክ በወጣትነቱ ለንደን ሆቴል ስለሠራ እንግሊዝኛው ውሃ ነው። ቲሊ የምታውቀው «አመሰግናለሁ» እና «ዶሮ» የሚሉትን ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ለስደተኞች እርዳታ በተሰናዳ ዝግጅት ላይ ሁለቱ ያችኑ የአከራይና የተከራይ ጨዋታ በጀርመንኛ ተጫወቱ። ከተመልካቹ መሐል ዊትኮም የሚባል አሜሪካዊ የፊልም ዳይሬክተር ነበር። አንድ ቃል ሳይገባው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። በሳምንቱ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው።

እዚያ የሆነውን ቲሊ ስትመለስ እንዲህ ብላ ነገረችኝ። ሰውየው ብዙ ተናገረ፤ ዓይኑም ከእሷ ላይ አልተነሣም። ኤምሪክ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ደስ ብሎታል፤ ግን እዚህ አገር የምታስቅ ሴት ወጣት መሆን አለባት ይላል። ለአንቺ የሚሆን ነገር የለውም። ለእኔ አንድ የሆቴል ጸሐፊ ሚና አለው» አላት።

«ትሪ ይዤ ማለፍም ቢሆን እሠራለሁ በልልኝ» አለችው።

ኤምሪክ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ዊትኮም ቅር አለው፤ ተነሥቶም እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ጨዋ ሰው ነው ሰልማ» አለችኝ ቲሊ፤ «እምቢ ማለት ከብዶት ነበር።»

በዚያው ሳምንት ፕሪም በሊጥ ጠቅልላ ስትቀቅል ኤምሪክ ወጥ ቤታችን መጣ።

«ቲሊዬ፣ ያቺን ዝምታሽን አውሺኝ» አላት። «ይህ የሆቴል ጸሐፊ ባዶ ነው። እኔ አንዴ ልግባ እንጂ፣ በሩን ከውስጥ እከፍትልሻለሁ።»

«ዝምታ? አንተ? አንተ እናትህ ሆድ ውስጥም ዝም ብለህ አታውቅም።»

«ለዚህ አይደል አስተምሪኝ የምልሽ?»

አስተማረችው። ወጥ ቤቱ መሐል አቁማው፣ «ቸኮልክ። ጫማው ላይ ቆይ። አሁንም ቸኮልክ። ሰውየው መዋሸቱን አንተ አላወቅክም፤ ዓይንህ ነው ያወቀው» ስትለው እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማ ነበር። ኤምሪክ ሲሳካለት ከእሱ ይልቅ እሷ ነበረች የምትደሰተው።

ፊልሙ ወጣ። ታሪኩን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ የሆቴል ጸሐፊውን ግን በልቡ ያልያዘ ሰው አልነበረም። «እንዴታ» በእንግሊዝኛ፣ በእኛው ቅላፄ፣ የአገሩ ቀልድ ሆነ። ሥጋ ሻጩን ሥጋው የዛሬ ነው ወይ ስትሉት ጫማችሁን ያያል፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ በሩ ይዞራል፣ ይመለሳል፤ «እንዴታ» ይላል። ሬዲዮ ላይ እንኳ ቀልደኞቹ ጸጥ ይሉና ሰው ፊታቸውን ሳያይ ይስቃል። ቪየና የት እንዳለች የማያውቅ ሕዝብ የቲሊን ፊት ለብሶ ይሄድ ጀመር። እሷም በየሲኒማው ከሰው በላይ ታጨበጭብ ነበር።

ኤምሪክ ኮረብታው ላይ ቤት ገዛ። መጀመሪያ በየእሑዱ ይመጣ ነበር። ኋላ አበባ መላክ ጀመረ፤ ኋላም አበባው ቀረ። ቲሊ ስለዚያ በር ስታነሣበት «ትንሽ ታገሺ» ይላታል።

«አፍ ዳገት አይፈራም» እላታለሁ እኔ።

«ተዪው እባክሽ፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ትለኛለች።

ጦርነቱ አሜሪካ ሲደርስ፣ ከናዚ የሸሸን እኛ በወረቀት የጠላት አገር ዜጎች ሆንን፤ ሲመሽ ከቤት መውጣት ተከለከልን። ቀን ቀን ግን ምላሳችን ተፈለገ። የሚሠራው ፊልም ሁሉ ስለ ጀርመን መኮንን ሆነና ከቴክሳስ የመጣውን ጎረምሳ እንደ በርሊን ሰው የሚያናግር አስተማሪ ጠፋ። ቲሊን ቀጠሯት። ያሳደዷትን ሰዎች አነጋገር በየቀኑ ስታስተምር ሆዷ ምን ይል እንደነበር አልነገረችኝም። እንግሊዝኛ የተማረችው ግን ያኔ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እኔ የአንዱን «መኮንን» ኮት ቁልፍ እተክላለሁ፤ ቲሊ አጠገቤ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች። ዊትኮም በዚያ አለፈ። ጥቂት ሄዶ ተመለሰ።

«ወይዘሮ ቬሴሊ አይደሉም? እዚህ ምን ይሠራሉ? ፊልም አልወድም ብለውኝ አልነበረም?»

«ማን? እኔ?»

«ያኔ፣ ቢሮዬ። የሆቴሉን ባለቤት ሚና ሰጠሁዎት እኮ። ለእርስዎ ብዬ ነበር ያስጻፍኩት። እርስዎ ግን የቴአትር ሰው ነኝ፣ ለፊልም ራሴን አላዋርድም አሉኝ። ጓደኛዎ ነው የተረጎመልኝ።» ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ደግነቱ ያቺ ዝምታ የጓደኛዎ የራሱ ነበረች። ለእሷም እኔ ነኝ ያስተማርኳት አለኝ» ብሎ ጨመረ።

ቲሊ ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

«እንደዚያ አላልኩም» አለችው፣ የእንግሊዝኛውን ቃል አንድ በአንድ እየፈለገች። «ትሪ እሸከማለሁ ነው ያልኩት።»

ዊትኮም ፊቱ ቀላ። አንድ ነገር ሊላት ሲል ረዳቱ ጠራውና ሄደ። ተመልሶም አልመጣም። ኤምሪክ ያኔ የድርጅቱ ዓይን ነበር፤ ማን ይነካዋል? ቲሊ የቀረውን ሳንድዊች ጠቅልላ ወደ ሥራዋ ገባች። ያን ቀን ከሰዓት ያስተማረችው ጎረምሳ፣ አስተማሪዋ ዛሬ አንዴም አላረመችኝም ብሎ ሲገረም ሰማሁት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ ኮረብታው ወጣን። ኤምሪክ የሎሚ ዛፎቹን ውሃ ያጠጣ ነበር። ሲያየን ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፊቷን አየና ቧንቧውን ዘጋ።

«ዊትኮምን አገኘሁት» አለችው ቲሊ።

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ፣ «ሰሃን አመላልስ ነበር እኮ ቲሊ» አለ። «ሰውየው የፈለገው አንቺን ብቻ ነበር። እኔን አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። የተጠራሁት ቃል ላቀብል ነው።»

«ታዲያ ብታቀብልስ?»

«አንቺ ትገቢያለሽ፤ እኔ ጋራዡ ላይ እቀራለሁ።»

«ድንበር ላይ ሻንጣዬን የተሸከምከውን ሰው ጋራዥ ላይ ጥዬህ የምሄድ መሰለህ?»

«አላውቅም። ፈራሁ።»

«መፍራትህስ ይሁን፤ ሰው ይፈራል። ወጥ ቤቴ ድረስ መጥተህ አስተምሪኝ ያልከኝስ? እሱንም ፈርተህ ነው?»

የቤት ሠራተኛዋ ብቅ ብላ ምሳ ደርሷል፣ እንግዶቹም ይበላሉ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ኤምሪክ ወደ ቲሊ ዞረ፤ እንደ ልማዱ ሊተረጉምላት አፉን ከፈተ።

«አይበሉም» አለች ቲሊ፣ በእንግሊዝኛ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት እውነት ነው፤ አወዳደቁ የሚያመው ግን ፈረሱን ራሱ ቀልቦ ያሳደገውን ሰው ነው።

«ለጋዜጣ እንናገር» አልኳት።

«ማን ያምናል? አሁንማ ፊታቸው ባደርገው ቀጂዋ እኔ ነኝ።»

«እና ዝም ትያለሽ?»

«ሆድ ይፍጀው።»

ያለችው አልቀረም። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ወጣት ዳይሬክተር የዳቦ ቤት ባለቤት ሆና የምትታይባት ትንሽ ሚና ሰጣት። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቀረጻውም ላይ ነበርኩ። ልጁ ትሑት ነው፤ ምን እንደሚናገር አያውቅም።

«እዚህ ጋ ልክ እንደ ፕሮሃስካ አድርገው ዝም ይበሉ» አላት። «ግን ቀነስ ያድርጉት፤ የእሱን ቀዳች እንዳይሉን።»

ቲሊ ራሷን ነቀነቀች። ቀረጻው ሲጀመር ቃሏን ሳትቆም፣ ሳታቋርጥ፣ ደረቅ አድርጋ ተናግራ ጨረሰች። «ጥሩ ነው፣ ይበቃል» አላት ልጁ፤ ቅር እንዳለው ግን ያስታውቅ ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ያቺ ቦታ ተቆርጣ ወጥታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሚና ፍለጋ አልሄደችም፤ ጡረታ እስክትወጣ ቅላፄ ስታስተምር ኖረች።

ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ እኔ የተረፈ ዘመድ ባገኝ ብዬ ቪየና ሄድኩ። ዘመድ አላገኘሁም። ምድር ቤቷ ግን አለች፤ ወጣቶች ይጫወቱባታል። ገብቼ ተቀመጥኩ። አንዱ ልጅ ውሸት ተነገረውና ጫማ አየ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ በሩ ዞረ፣ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲያበቃ ጠጋ ብዬ አናገርኩት።

«ይህን ከማን ተማርከው?»

«ከአሜሪካ ፊልም ነው እመቤቴ። የእኛ አገር የድሮ ተዋናዮች መጮህ እንጂ እንዲህ ያለውን አያውቁበትም ነበር።»

«ቲሊ ቬሴሊ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

አሰበ። ለማስታወስ ከልቡ ሞከረ። «አሜሪካዊት ናት?» አለኝ።

ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ መንገዱን በሙሉ ሳወጣና ሳወርድ መጣሁ። ቲሊ ግን ምን አየሽ ብላ ስትጨቀጭቀኝ መደበቅ አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ እጇ አላቆመም።

«በደንብ ሠራው?»

«ቸኮለ።»

«ጫማው ላይ?»

«ጫማው ላይ።»

«ታዲያ የኤምሪክ ተማሪ ነዋ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆይታ ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ድንቹን እኔ ጨረስኩት።

ሁለቱ እስከ መጨረሻው በአንድ ከተማ ኖሩ። እኔ እስከማውቀው የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት። ኤምሪክ ሸምግሎ፣ በከዘራ ይሄድ ነበር። እኔ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኜ በመድኃኒት ቤቱ መስተዋት አየኋቸው፤ ባርኔጣውን አነሣላት፣ ተራውንም ለቀቀላት። ቲሊ መድኃኒቷን ተቀብላ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«እንዴት ነዎት አለኝ» አለች። «በእንግሊዝኛ።»

ከዚያ በኋላ መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ።