በረኪና ውስጥ ያደረ መርፌ

አክስቴ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ የምታየው አፉን ነው። ዕድሜዋን ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ስለኖረች አልፈርድባትም። አንድ ቀን የምትሠራበትን ክፍል አይቼ ምግብ አስጠልቶኝ ሰንብቷል። ማጠቢያው ላይ ደም የጠጣ ጥጥ ተቆልሏል፤ መርፌዎቹ ላይ የሰው ሥጋ ተጠምጥሟል። የበሰበሰ ጥርስ ግማት ከበረኪና ጋር ሲደባለቅ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል።

"እንዴት ምሳ ይበላልሻል?" አልኳት።

"ማን በላ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰው የነካውን ብርጭቆ አትነካም፤ ሕፃን እንኳ የምትስመው አናቱን ነው። የሥራ ባልደረቦቿ "በረኪና" የሚሏት በከንቱ አይደለም።

ታዲያ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ የራሷ መንጋጋ ታመመ። ይነቀልልኝ ብትል ሐኪሙ እምቢ አለ።

"እትዬ፣ ማኘኪያሽ እኮ ነው። ሥሩን እንጠርገውና ይድናል" አላት።

የጥርስ ሥር የሚጠረገው እሷ በምታጥባቸው እንደ ፀጉር በቀጠኑ መርፌዎች ነው። የስንቱ አፍ የገባ መርፌ እሷ አፍ ሊገባ! ደንቡ በረኪና በውሃ አቅጥኖ፣ ጥቂት ዘፍዝፎ፣ አለቅልቆ ወደ እንፋሎት ማሽኑ ማስገባት ነበር። እሷ ግን ለራሷ የመረጠቻቸውን ውሃ ባልነካው በረኪና ዘፍዝፋ አሳደረቻቸው። ጠዋት ጥቋቁር ነጠብጣብ አየችባቸው። ብረቱ ተበልቶ ነው፤ እሷ ግን የሰው ቆሻሻ አለቅም ብሎ መሰላት። በረኪና ጨምራ ደግማ ዘፈዘፈቻቸው።

በሕክምናው ቀን እጇን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ሐኪሙም እሷ ያቀረበችለትን መርፌ በቅጡ ሳያይ ነው የከተተው፤ እስካሁን ያናድደኛል። ሁለቴ ሲያሽከረክረው መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በእጁ የቀረውን ቁራጭ መብራቱ ላይ አስጠግቶ አየው።

"ይሄ እኮ ዝጓል። በረኪና ውስጥ አሳድረሽው ነው?"

አፏን እንደከፈተች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ስባሪውን ለማውጣት ደጋግሞ ሞከረ። አልሆነም። ከዚህ በላይ ከነካካሁት ሥሩ ይሰነጠቃል ብሎ ስባሪውን እዚያው ሥሩ ውስጥ ትቶ ላዩ ላይ ደፈነበት።

"አይዞሽ፣ ምንም አያደርግሽም። ብዙ ሰው እንዲህ ይዞት ይኖራል" አላት።

አክስቴ ምራቋን መዋጥ አቅቷት አገጯ ላይ ይወርዳል። በመዳፏ ጠረገችውና ቀና አለች።

"ዶክተር፣ ከኔ በፊት ማን አፍ ውስጥ ነበር?"

ሐኪሙ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።