ያለ ካርድ የታየ ጉበት

በዕድሜ እናቴ የሚሆኑትን የጽዳት ሠራተኛችንን «አለቃ» የምንላቸው ተሹመው አይደለም፤ ሲያዙን እምቢ የሚል ስለሌለ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአልትራሳውንድ ክፍሌን አልጋ ከጄል አጽድተዋል፤ እግረ መንገዳቸውንም ስክሪኑን ማንበብ ለምደዋል። ወረፋ የያዘ ታማሚ ሐኪሙን ትቶ እሳቸውን ነው የሚጠይቀው። «ጥቁር ከሆነ ውሃ ነው፣ አትጨነቅ» ይሉታል። እናደድ ነበር፤ ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

እኛ ዘንድ ሠራተኛ ሲያመው ካርድ አያወጣም። በምሳ ሰዓት ሹልክ ብሎ ይገባል፣ አየት አድርጌ እሸኘዋለሁ፤ መዝገብ የለ፣ ምስል የለ። አምና አለቃንም እንዲሁ አየኋቸው። ጉበታቸው ላይ እንቁላል የሚያህል ጥቁር ክብ ነበር፤ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ጥርት ያለ። መሐሉ ላይ ብቻ ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር ታየችኝ። ርቦኝ ነበር። «ውሃ ነው፣ አለቃ» አልኳቸው።

ዘንድሮ ቀኝ ጎናቸውን ይዘው መጡ፤ በካርድ፣ ሐኪሙ ባለበት። ገና መሣሪያውን ሳስነካቸው የአምናውን ክብ አወቅኩት። ክቡ ብርቱካን አክሏል። ጥቁሩን ብዙ መስመሮች ክፍል ክፍል አድርገውታል፣ ግድግዳው ወፍሯል፣ ከጥግ በኩልም ትንሽ ነጭ እብጠት ወደ ውስጥ ብቅ ብላለች። አለቃ ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

ሐኪሙ አገጩን አሻሸ። «ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ የቋጠረ የቆየ ከረጢትም ሊሆን ይችላል። ያለፈ ምስል ቢኖር ጥሩ ነበር። በአጭር ጊዜ ያደገ ከሆነ ዛሬውኑ ሲቲ ስካን አስነሥቼ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው የምልካቸው። ካልሆነ ግን እንደ ሰው ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራው ሦስት ወር ነው።» ወደ እሳቸው ዞረ። «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ታይተው ያውቃሉ?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ ያለ ካርድ ሰው መርምሮ ተባሯል፤ አለቃም ያውቃሉ።

«ኧረ የት አባቴ!» አሉ ፈጠን ብለው። «ሥራው መች ፋታ ይሰጣል፣ ልጄ? ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ከአልጋው ጎን ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው።

ሐኪሙ «የመጀመሪያ ምርመራ» ብሎ ጻፈ። እኔ ልጆቼን አሰብኩና አፌን ዘጋሁ። የሦስት ወሩን ቀጠሮ በእጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉኝ።