እንስራው ይውደቅ

ፋንቱ ልጅ ሳለች፣ አገና ከተማ አጠገብ ካለ ምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዝናብ ያላቆጠው ቁልቁለት አዳለጣት። እንስራውን አዝላ ነበርና እሱን ላድን ስትል ቀኝ እጇን ዘረጋች። እንስራው ተረፈ፤ እጇ ተሰበረ። የደረሱላት ሴቶች፣ «ጎበዝ፣ እንስራውን አላስነካሽውም» ብለው አመሰገኗት። ስብራቱ አመርቅዞ ክረምቱን ሙሉ በትኩሳት ስትማቅቅ ከረመች። ወጌሻው ሕይወቷን አተረፈላት፤ ክንዷ ግን እንደ ቀድሞው ሊዘረጋ አልቻለም።

አድጋ ቡታጅራ ልብስ ስትሰፋ፣ ይታገሱ ወደሚባል የጁዶ አሠልጣኝ ሄደች። ክንዷን አየና፣ «በዚህ እጅ ሰው መጣል ይከብድሻል» አላት።

«መጣሉ ይቆየኝ፤ መውደቁን አስተምረኝ» አለችው።

አገጭን ደረት ላይ መሸጎጥን፣ ጀርባን ማጉበጥን፣ በመዳፍ ሳይደገፉ ምንጣፉን በሙሉ ክንድ መምታትን ከእሱ ተማረች።

አሁን ወልቂጤ ከስፌት ቤቷ ጓሮ ባለው ክፍል ሴቶችን ታሠለጥናለች። ወለሉ ላይ ቃጫ የታጨቀባቸው ጆንያዎች ተደርድረው ከላያቸው ጅባ ተነጥፏል። ቆጮ ነጋዴዋ ሐና የመጣችው፣ ማምሻውን ከገበያ ስትመለስ አንድ ወንድ ገፍትሮ ከጣላት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ ብቻዋን መሄድ ፈርታለች። በልምምድ ላይም እጇን እየዘረጋች ትወድቅ ስለነበር አንጓዋ አበጠ። አማቷ እማማ አበባ ይህን አይተው አብረዋት መጡ።

«እዚሁ ተቀምጬ አያለሁ» አሉ። «ዳግም ከተጎዳች ይዣት እሄዳለሁ፤ ከእንግዲህም አትመጣም።»

ሐና ተገፍታ ወደ ኋላ ዘመመች። እጇ አሁንም ቀደመ። ፋንቱ በአንገትጌዋ ቀልባ አስቀረቻት። ያ የተዘረጋ እጅ የራሷ እጅ ሆኖ ታያት። ሐና ከገበያ ያመጣችውን ጥቅል ቆጮ ፋንቱ አንስታ በጀርባዋ አሳዘለቻትና የገመዱን ጫፍ አስያዘቻት።

«ስገፋሽ መጀመሪያ ገመዱን ልቀቂ።»

«ኧረ ማስተር፣ ሰው የሚበላው ነው እኮ።»

«ቆጮ አይሰበርም፣ እህቴ» አለች ከጎን የቆመችው ሌላዋ ሠልጣኝ ሕይወት። ሴቶቹ ሳቁ።

ፋንቱ ገፋቻት። ሐና ገመዱን ጨምድዳ ያዘች፤ ዳግመኛም በአንገትጌዋ ተቀለበች። «አንዴ ድገሚኝ» አለች ላቧን እየጠረገች። በሚቀጥለው ግፊት ገመዱን ለቀቀችው። ጥቅሉ ወዲያ ተንከባለለ፤ እሷ አገጯን ሸጉጣ በክብ ጀርባዋ ወረደች፤ ክንዷ ጅባውን ጧ አደረገው።

እማማ አበባ ተነስተው ቆጮውን አነሱ፣ አራገፉትም። «ምንም አልሆነ» አሉ። ወደ ሐና ዞሩ። «አንቺስ?»

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ሐሙስም ትምጣ። ጥቅሉን ግን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት።»

ልምምዱ ሲያበቃ፣ ለምን ከመጣል በፊት መውደቅን እንደምታስተምር ሕይወት ፋንቱን ጠየቀቻት።

«እኔ እንስራ በማትረፌ ተመስግኛለሁ» አለች ፋንቱ፣ የማይዘረጋ ክንዷን እያሻሸች። «ምስጋናው አልፏል፤ ክንዴ ይኸው እንዲህ ቀርቷል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሴት ልጅ የያዘችውን ጥላ ራሷን ስታተርፍ ማንም እንዳይቆጣት ነው። እሷም ራሷን እንዳትቆጣ።»