ደንገሉ ሲሰግድ

ሣህሉ ነፋስ ሲለካ ባርኔጣውን ለምን ያወልቃል? ሚስቱ አገርነሽ ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ እሱ ራሱ ግን መልሱን አያውቀውም።

በባሕር ዳር የጀልባ ማረፊያ የነፋስ መዝጋቢ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ቅጹ ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት ያለ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። ሣህሉ ግን ለባለታንኳዎች በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በሚያውቁት ነገር፣ በጭስና በሐይቁ ዳር በሚበቅለው ሸንበቆ መሰል ደንገል ይጽፍላቸው ነበር፤ «ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል»፣ «ደንገሉ ይንሾካሾካል»፣ ሲብስም «ደንገሉ ይሰግዳል፤ ታንኳ አይውጣ»። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ አዲስ ኃላፊ መጣና፣

«ጓድ ሣህሉ፣ ይኼ ቅኔ ነው። ቁጥሩ ይበቃል» አለው።

ሣህሉም ታዘዘ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ «5» ብሎ ጻፈና ቁጥሩን በስልክ ሊያስተላልፍ ወደ ቢሮ ገባ። በዚያው ሰዓት ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ያለችው እኅቷ ምጥ እንደ ያዛት ለአገርነሽ መልእክት ደረሳት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከለየች ገና ዓመቷ ነው፤ ሰሌዳውን ራሷ አነበበችው።

«ከአሥራ ሁለት አምስት! ግማሽም አልሞላ። በል ቅዘፍ» አለችው ባለታንኳውን አለበልን።

«እታለም፣ ማንበብ ካወቅሽ ወዲህ ነፋሱም ይፈራሽ ጀመር?» ብሎ ሣቀ አለበል። ደመናውን አየት አደረገ፤ ግን የባሏ እጅ ጽሑፍ ነውና አመነ።

ሣህሉ ሲመለስ ሚስቱ መሄዷን ነገሩት፤ ታንኳዋ ከዓይን ርቃለች፤ ደንገሉም ግንባሩን ውኃ እያስነካ ይነሣል። ተከትሎ የሚወጣ ጀልባ ለመነ፤ የደፈረ አልነበረም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከውኃው ዳር እንደ ተቀመጠ ነጋ። አምስት፤ ደንገሉ የሚሰግድበት ቁጥር። ምናለ አንዲት ቃል ብጨምርበት!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታንኳዋ ብቅ አለች። አገርነሽ እስከ ወገቧ ርሳለች።

«ደንገል ውስጥ ተሸጉጠን አመሸንና ነፋሱ ሲበርድ ደረስን። እኅቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች» አለችው።

«ታዲያ እዚያው አታርፊም?»

«አንተ እንደማትተኛ እያወቅሁ? ጨለማ ሳለ ተነሣሁ።»

ሣህሉ ሄዶ «5» የሚለውን አጠፋና ጠመኔውን እጇ ላይ አኖረላት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

አገርነሽ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠች። ለምን እንዳወረደችው እሷም አላወቀችም። በትልልቁ፣ በጠማማ ፊደሏ «ደንገሉ ይንሾካሾካል» ብላ ጻፈች።

«ልክ ነኝ?»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ሣህሉን እንቅልፍ ወስዶታል።