ነፋስ የማይገባበት ጎጆ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለደረጃው ድንጋይ ሲያስቆርጥ ዋለ። ማሽኑ ሲጮህ መስኮቴን ዘጋሁ፤ ሽታው ግን በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። የተፈጨ ድንጋይ ሽታ አለው ብል ብዙ ሰው ላያምነኝ ይችላል። አለው። ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። እዚህ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ ስለ እትዬ ሐዋ ሳስብ መሸ።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ አሶሳ የሄደ የሒሳብ መምህር ነበር። የተከራየነውን ቤት ከእትዬ ሐዋ ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። አጥሩ መሐል አንድ ማንጎ ነበር፤ የማን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እሷ የበርታ ሴት ናት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎርናና። ባሏ ከመንጌ በኩል ካሉት የወርቅ ጉድጓዶች ነጭ ድንጋይ በጆንያ አስጭኖ ይመጣል፤ መውቀጡ የእሷ ድርሻ ነው። ሙቀጫዋ የብረት ነበር፤ ዘነዘናዋም ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ብረት። ድንጋዩ እንደ በርበሬ ይደቅቅና በሻሽ ይነፋል፤ ከዚያ በገበቴ ሲታጠብ የወርቁ ቅንጣት ከታች ይቀራል።

ዱቄቱ በጣም ቀላል ነው። ነፋስ ካገኘው ወርቁንም ይዞ ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ የሚወቀጠው ጎጆ ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ የግድግዳው ቀዳዳ ሁሉ በሸራ ተደፍኖ። "ነፋስ ሌባ ነው" ትል ነበር። ወቅጣ ስትወጣ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኖ ከወፍጮ ቤት የተመለሰች ትመስላለች። እኔና ልጇ ዘሃራ "አሮጊቷ መጣች" እያልን እንስቅባታለን። እሷም አብራን ትስቃለች፤ ከዚያ ሳሉ ይጀምራታል።

ሳሉ ሲበረታ ጤና ጣቢያ ሄደች። ክሳቷንና ሳሏን ያዩት ባለሙያዎች ማንም የሚጠረጥረውን ጠረጠሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ። አክታዋ ተመርምሮ ተሐዋሲው አልተገኘም፤ ቢሆንም መድኃኒቱ ተሰጣት። ሳታጓድል ዋጠች፣ ጨረሰች፣ አልተሻላትም። እንደገና ተሰጣት። በሄደች ቁጥር ሥራዋን ይጠይቋታል፤ እሷም "ሥራ የለም፣ ቤት ነው" ትላለች። አልዋሸችም። በሰፈራችን ድንጋይ መውቀጥ እንደ ወጥ መሥራት ነበር፤ ሴት ጓዳዋ ውስጥ የምትደክመውን ማን ሥራ ብሎት ያውቃል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የድንጋዩ ጥፋት ለነቀርሳ ተሰጠ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ምኑን ደበቀች? ለሰፈሩ ሁሉ ራሷ ተናገረች። በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ሲነግሯት ቃሉን እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ዘሃራ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች እኛ ዘንድ እንድታድር እናቴን ለመነቻት፤ ከእኔ ጋር በአንድ ፍራሽ አደግን። ቀን ቀን እትዬ ሐዋ ማንጎው ሥር ትቀመጣለች፣ እኛ በረንዳው ላይ። ዘሃራ ተንደርድራ ስትሄድባት አለንጋ አንስታ ትመልሳታለች፤ መትታት ግን አታውቅም። እኔንም ሴት መሆኔን እያወቀች፣ በራሷ አማርኛ፣ "አንተ፣ ቅርብ አትምጣ። ደረት ክፉ ነው፣ ወላሂ" ትለኝ ነበር። ማንጎ ስትሰጠን እንኳ መሬት ላይ አስቀምጣ ትርቃለች። ዘሃራ መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ተወችው። ልጅ ቶሎ ይለምዳል እያሉ በደስታ የሚያወሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያናድዱኛል።

አምስተኛ ክፍል ሳለን አንድ ጠዋት እትዬ ሐዋ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ደረቷን ይዛ ወደቀች። ትንፋሽ እምቢ አላት፤ ከንፈሯ አመድ መሰለ። ባሏ ወርቅ ጉድጓዱ ጋ ስለነበር አባቴ በባጃጅ ሆስፒታል ሲወስዳት እኔም አልወርድም ብዬ አብሬ ሄድኩ። ከወለጋ የመጣ ወጣት ሐኪም ደረቷን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና በጎኗ ቱቦ አስገባላት። የቱቦው ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገባ፤ ውኃው ይንተከተክ ጀመር። የቆሰለው ሳንባ ተቀዶ አየሩ ደረቷ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ የሚወጣው እሱ ነው አለን።

ትንሽ ተንፈስ ስትል ራጅ አስነሣትና ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አተኩሮ አየው። ሥራሽ ምንድን ነው አላላትም።

"ድንጋይ ይወቅጣሉ?" አላት።

"አዎ፣ ቤት ውስጥ። ሁሉ ሴት ይወቅጣል።"

ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ። "ነቀርሳ አይደለም። የድንጋይ ብናኝ ነው፤ ሳንባዋን ጠባሳ አድርጎታል።"

"መድኃኒቱስ?" አለ አባቴ።

"አየሩን እናወጣለን። ጠባሳውን የሚመልስ ግን የለም።"

እሷ የያዘችው ሌላውን ነበር። "ነቀርሳ አይደለም? ለልጅ አይሄድም?"

"ለማንም አይተላለፍም፣ እህቴ።"

"በፊትም?"

ሐኪሙ ፊልሙን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። "በፊትም" አላት።

አላለቀሰችም። ጠርሙሱን ስታይ ቆየች። ያ ሐኪም ደግ ሰው ነበር፣ የተናገረውም እውነት ነው፤ እኔ ግን ያችን "በፊትም" እስካሁን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ቱቦው ወጥቶላት ስትመለስ ምንጣፏን በረንዳችን ድረስ አምጥታ ተቀመጠች። እጆቿን ዘርግታ ዘሃራን በራሳቸው ቋንቋ ጠራቻት። ዘሃራ አልሄደችም። አባቴ አስረዳት፣ እናቴ ጀርባዋን ገፋ አደረገቻት። ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ የሻርቧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። እትዬ ሐዋ እጆቿን ሲደክማት አወረደቻቸው። በማግስቱም ሞከረች፣ ከዚያም በኋላ። ልጇን አልተቆጣቻትም፤ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ክረምቱ ሲገባ ትንፋሿ እያጠረ፣ መጋደም እያቃታት፣ ተቀምጣ እያደረች፣ አለፈች። ልጇን ሳታቅፍ አለፈች።

ከቀብር በኋላ አባቴ የሰፈሩን ሴቶች እየዞረ ውጪ ውቀጡ፣ ድንጋዩን ውኃ አርከፍክፉበት አላቸው። በአክብሮት ሰሙት። "ነፋሱስ፣ መምህር?" አሉት። እንጀራቸውን ነፋስ እንዲወስድባቸው እየመከረ መሆኑ ያኔ ገባው፤ ወደ ቤት ተመለሰ። የእትዬ ሐዋ ሙቀጫም ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሴት ትወቅጥበት ጀመር።

ዘሃራ አሁንም አሶሳ ናት። ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወለደችና ልጠይቃት ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያጠባች ታጫውተኛለች። ትንሽ ታወራኛለች፤ ከዚያ ፊቷን ከሕፃኗ ወደ ግድግዳው አዙራ ትተነፍሳለች፤ ተመልሳ ወሬዋን ትቀጥላለች።

"ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?" አልኳት።

"የለም። ምነው?"

"ምንም" አልኳት።

ሕፃኗ ጠግባ ጡቱን ስትተወው ዘሃራ ወዲያው ለእኔ አቀበለችኝ። "አንቺ እቀፊያት" አለችኝ፤ አቀፍኳት።